ድንኳኑ የሚደርቅበት ጣራ

አቶ ኑሩ እንድሪስ አረፉ። የጌጃ ሰፈር ሰው ወሬውን የሰማው ሐሙስ ረፋዱ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ኮልፌ ሄደን በሃይማኖታቸው ሥርዓት ቀብረናቸው ተመለስን። ሰፈሩን ለቃችሁ ኮንዶሚኒየም የገባችሁ፣ ክፍለ አገር ያላችሁ፣ ስልካችሁን ያጣነው የእድራችን አባላት ሁሉ፣ ይኼን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔ የእድሩ ጸሐፊ አልማዝ ነኝ። ቃለ ጉባኤ ባስረዘምኩ ቁጥር ጋሽ ኑሩ «አልማዝ፣ አሳጥሪው፣ ሰው ሥራ አለው» ይሉኝ ነበር። ዛሬ ግን ማን ይከለክለኛል!

ጋሽ ኑሩ በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው አብነት አካባቢ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሜትራቸውን ካንገታቸው አያወርዱም ነበር፤ ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም አብሯቸው ይመጣል። የልጆቻችንን ዩኒፎርም የሰፉት እሳቸው ናቸው፤ እጅጌውን ሆን ብለው ያስረዝሙና «ያድግበታል፣ ግድ የለም» ይላሉ። የእድሩ ዳኛ ሆነው ሲመረጡም መጀመሪያ የሠሩት ሥራ የተቀዳደደውን ድንኳን መጣፍ ነበር። ያ ሁሉ ሸራ ሱቃቸው አልበቃ ብሎት ግማሹ መንገድ ላይ ተዘርግቶ፣ አላፊ አግዳሚው ሲረግጠው፣ ከስፌት መኪናቸው ላይ ቀና ብለው «ጫማችሁን አውልቁ እንጂ፣ ቤታችሁ እኮ ነው!» እያሉ ሲስቁ ዛሬም ይታየኛል።

መብራት በፈረቃ የሚመጣበትን ዘመን ታስታውሳላችሁ። ለቅሶ ቤት የምንገባው በዳበሳ ነበር። አንድ ምሽት እኔው ራሴ የሟቿ ልጅ መስሎኝ አንዱን ሰው አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ፣ አለቀስኩ፤ ለካ ውሃ በጀሪካን ሊያደርስ የመጣ ሰው ኖሯል! ሰውየውም ጨዋ ነው መሰለኝ፣ ጀሪካኑን እንደያዘ ዝም ብሎ ቆመልኝ። ጋሽ ኑሩ ሻማ ይዘው ሲመጡ አዩንና ሳቃቸውን ዋጡት። በማግሥቱ ሱቃቸው አስጠርተው፣ «አልማዝ፣ ነገሩ ያስቃል፤ ግን ነውር ነው። ለቅሶ ቤት መጨለም የለበትም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ መርካቶ ተመላልሰው ሶላር የሚባለውን ነገር አጠኑ። በእድሩ አዳራሽ ጓሮ ሶላር እንትከል፣ ንብረትነቱ የሁላችን ይሁን፣ ለቅሶ ሲኖር ባትሪው ድንኳኑ ውስጥ ያብራ፣ ለቅሶ በሌለ ጊዜ ደግሞ ጓሮውን ለከበቡት ቤቶች አንዳንድ አምፖል ይድረስ፤ ሐሳባቸው ይኼ ነበር። ከነባር አባሎቻችን አንዱ አቶ ተክሌ ተቃወሙ።

«ጀነሬተር እያለ ምን ፀሐይ ለፀሐይ ያንከራትተናል?»

«ጀነሬተር ይጮኻል፣ አቶ ተክሌ። አልቃሿን ማን ሊሰማት ነው?» አሉ ጋሽ ኑሩ። አዳራሹ ሳቀ።

አቶ ተክሌ ግን አልሳቁም። «ካልሠራስ?»

«ካልሠራ ዳኝነቱን እለቃለሁ፤ ሁለተኛም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አፌን አልከፍትም።»

በዚህ ቃል ተወሰነ። የጌጃ ሰፈር በያጆች የድሮውን ድንኳን የተጣመመ ብረት አቃንተው መቆሚያ አደረጉት፤ ጎረምሶቹ ሲሚንቶ አቦኩ። ጋሽ ኑሩ ሱቃቸውን ዘግተው፣ በልብስ ስፌት ሜትራቸው ጓሮውን ለክተው፣ ፀሐይዋ አብዝታ የምታርፍበትን ቦታ መረጡ። ሰፈሩም ስም አወጣለት፦ «የጋሽ ኑሩ እርሻ»። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ተቀበሉት፤ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «እርሻችን እንዴት አደረ?» ይሉ ነበር። በበጋው የመጀመሪያው ለቅሶ ላይ ድንኳኑ ቦግ ሲል፣ ሐዘንተኞቹ ማን መጥቶ ከጎናቸው እንደተቀመጠ እያዩ አለቀሱ። አቤት፣ የዚያን ዕለት የጋሽ ኑሩ ፊት!

ክረምት ሲገባ ግን እርሻው ለገመ። ድንኳኑ በምሽት ጭል ጭል ይልና ይጠፋል፤ የየቤቱ አምፖልማ ጭራሽ ተረሳ። መጀመሪያ በደመናው አሳበብን። ነገር ግን ረፋዱ ላይ ቆንጆ ፀሐይ በወጣባቸው ቀናትም ያው ሆነ። ባለሙያ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ነካክቶ «ምንም አልሆነም» ብሎ ሄደ። አቶ ተክሌም ሶላሩ ተነቅሎ እንዲሸጥ ለእሁድ ስብሰባ አስጠሩ። ጋሽ ኑሩ ቀልድ አቆሙ። ያስጨነቃቸው ሹመቱ አልነበረም፤ በእሳቸው ቃል የተማመነ ጎረቤት ተመልሶ ጨለማ ውስጥ ሊቀመጥ መሆኑ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሁለታችን ጓሮውን ከፍተን ገባን። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች። እርሻው ግን የለም! ከዳር እስከ ዳር እርጥብ ድንኳን ተሰጥቶበታል። አጠገቡ የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ እትዬ ወርቄ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«በማርያም! ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ጮኽኩ።

«ድንኳን እያደረቅኩ ነዋ! ድሮም የሚደርቀው እዚህ አይደል? ፀሐይ ያለችው እዚሁ ብቻ ነው። እናንተ ናችሁ ቦታው ላይ መጥታችሁ ብረት የተከላችሁበት። እኔ ምን ቸገረኝ፣ እንዲያውም ለማስጫ ተመቸኝ።»

ለካ ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናብ የመታውን ድንኳን ፀሐይ ብቅ ስትል እርሻውን ያለብሱታል፤ ደመና ሲመጣ አጥፈው ያስገባሉ። እኛም ባለሙያውም ከሰዓት በኋላ ስንመጣ ምን እናይ! ጋሽ ኑሩ ድንኳኑን ዳሰሱት፤ ራሳቸው የጣፉትን እራፊ አዩት። «በገዛ እጄ የሰፋሁትን!» ብለው ብረቱን ተደግፈው እስኪያነቡ ድረስ ሳቁ።

እሁድ አዳራሹ ጢም አለ። ጋሽ ኑሩ ተነሡና፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ጓሮውን ስለካ ድንኳኑ የት እንደሚደርቅ አልጠየቅኩም፤ ቦታውን ቀማሁት። ዳኝነቱን እለቃለሁ። እርሻውን ግን አትንቀሉት። ከዛሬ ጀምሮ ድንኳኑ እኔ ቤት ጣራ ላይ ይድረቅ» አሉ። የእትዬ ወርቄን ስም አላነሡም።

እትዬ ወርቄ ግን የሚቀመጡ ሴት አይደሉም። ብድግ አሉ። «አንተ ኑሩ፣ አርፈህ ተቀመጥ! ያለበስኩት እኔ ነኝ። ብርድ ልብስ እንደማይፈልግ ማን ነገረኝ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ተክሌ ሳይቀሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «እሺ በቃ፣ ዳኝነቱ ይቆይ። ጣራውን ግን ተቀብለናል» አሉ።

እንዲህ ሆኖ የሰፈሩ ድንኳን የጋሽ ኑሩ ቤት ጣራ ላይ መድረቅ ጀመረ። ቆርቆሮው ሲንጓጓ፣ ውሃው በደጃፋቸው ሲንጠባጠብ፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ «የኛ ቤት ሐዘን መቼ ነው የሚወጣለት?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ጋሽ ኑሩም «ሰው ልቡ ተሰብሮ እኛ ጣራ ብናውስ ምን አለበት?» ይላሉ። እርሻው ሌላ ረድፍ ተጨመረለት። የአንዱ ቤት ሰው ሲሞት የሌሎቻችን አምፖል ጠፍቶ መብራቱ ወደ ድንኳኑ ይሄዳል፤ በዚህ ሲያጉረመርም የሰማሁት ሰው የለም። በረመዳን እንኳ ለቅሶ ሲኖር ጋሽ ኑሩ በቴምር ያፈጥሩ የነበረው እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ ከሐዘንተኛው ጎን ተቀምጠው ነው።

የእሳቸው ለቅሶ ነሐሴ ላይ ሆነ። ዝናቡ አላባራ አለ፤ ድንኳኑ ውስጥ ግን መብራቱ ቦግ ብሎ አመሸ። እኔም እትዬ ዘይነባን ፊታቸውን እያየሁ፣ ሳልሳሳት አቅፌ አለቀስኩ። ድንኳኑ ሲነሳ ጎረምሶቹ እርጥቡን ሸራ ተሸክመው ደጃፋቸው ላይ ቆሙ። ሐዘንተኛ ቤት ጣራ ላይ እንዴት ይወጣል? አፈሩ። እትዬ ዘይነባ ድምፁን ሰምተው ወጡ። «ምን ቆማችሁ? ቦታውን አታውቁትም?» አሏቸው።

ጋሽ ኑሩ፣ እነሆ ድንኳንዎ ጣራዎ ላይ ተሰጥቶ ዋለ። እትዬ ወርቄ ምርኩዛቸውን ይዘው ከታች ሆነው ሲጠብቁት ነበር፤ ደመና ሲመጣ እየጮኹ አሳጠፉት። እኔም ቃለ ጉባኤውን አስረዝሜአለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አሳጥሪው የሚለኝን ድምፅ ናፍቄ ነው። እኛ ነፍስ ይማር እንላለን፣ የእርስዎ ወገኖች አላህ ይዘንላቸው ይላሉ፤ ሁለቱም ይድረስዎ። እርሻችን ደህና አድሯል፤ ምንም አላለበስነውም። በሰላም ይረፉ፣ ጋሽ ኑሩ፤ ለቅሶ ቤትዎ አልጨለመም።