ለግሩም የተላኩ የላክናው ፎቶዎች

አይናዲስ አሜሪካ፣ ሳኒቬል ከተማ ውስጥ መሐንዲሶችን ከባቡር ጣቢያ ወደ ቢሮ የሚያመላልስ ሹትል ትነዳለች። ከተሳፋሪዎቿ ሕንዶቹ ይበዛሉና የሰሜን ሕንድ ሰው ባገኘች ቁጥር ላክናው ስለሚባለው ከተማ ሳትጠይቅ አትለቅም። ነገሩ የተጀመረው ኮልፌ ተማሪ ሳለች ነው። ሒሳብ ያስተማራቸው ሚስተር ስሪቫስታቫ የላክናው ሰው ነበርና፣ ክፍሉ ሲያዛጋበት የአገሩን ታላቅ በር፣ ሩሚ ደርዋዛን፣ በጠመኔ ይስልላቸው ነበር። ወንድሟ ግሩም ከጎኗ ተቀምጦ ደብተሩ ላይ ይገለብጣል። ስናድግ አብረን ሄደን እናየዋለን ተባባሉ።

አድገው ሱዳንን አቋርጠው የደረሱት አሜሪካ ነው፤ እሷ ሳን ሆዜ፣ እሱ እዚያው አቅራቢያ ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር። ኑሮ ሲያሯሩጣቸው ከርሞ የግሩም ልብ ደከመና ሐኪም አውሮፕላን ከለከለው። እሷም ጉዞውን ልትተወው ስትል ተቆጣት።

«አንቺ ሂጂና አሳዪኝ፤ ባንቺ ዓይን አየዋለሁ» አላት።

እንግዲህ የሄደችው ለሽርሽር አልነበረም። በኋላ ሽርሽር ነው ያሉ ስላሉ ይሄ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ላክናው እንደገባች የበሩን ፎቶ ላከችለት። ግሩም በድምፅ መለሰላት፤ ሚስተር ስሪቫስታቫ አሳንሶ ነው የሳለብን ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ኢማምባራ የሚሉትን ትልቁን የሙስሊሞች የመታሰቢያ ቤት ጎበኘች። መካከሉ ላይ አንድ ምሰሶ እንኳ የሌለው የተንጣለለ አዳራሽ ነው፤ አስጎብኚው ወዲያ ጥግ ክብሪት ሲጭር ወዲህ ጥግ ይሰማል። ይህንንም ቀርጻ ላከች። መልሱ በጽሑፍ መጣ፦ «በጣም ያምራል እህቴ። ተዝናኚ።»

ግሩም ቪዲዮው ሳይደርስ ዐርፎ ነበር። የጻፉላት አጎታቸው ጋሽ ዘነበ ናቸው፣ በሟቹ ስልክ።

የኛ ሰው ለመንገደኛ መርዶ አይልክም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። ሰው በባዕድ አገር ብቻውን ደንግጦ እንዳይወድቅ የታሰበ ደግ ሥርዓት ነው። ግን ሥርዓቱ ዝም በሉ ይላል እንጂ በሙት እጅ ጻፉ አይልም! ቢነገራት ደርሳ ትቀብር ነበር፤ ቀብሩን ጥቂት ቀን ማቆየት ማንን ይጎዳል? ጋሽ ዘነበ ግን ስንት ዘመን የተመኘችው ጉዞ አይበላሽባት አሉ፤ ቤተ ዘመዱም አፉን ይዞ እሺ አለ። ግሩም በተቀበረበት ቀን እሷ ሬዚደንሲ የሚሉትን የድሮ ጦርነት ፍርስራሽ እየዞረች፣ መድፍ የበሳውን ግድግዳ ሳይቀር ለወንድሟ ትልክ ነበር። ከቀብር መልስ የአውራ ጣት ምልክት ደረሳት። ለቀባሪው አረዱት ሲባል ሰምተናል፤ እነዚህ ከቀባሪዋ ደበቁ። እሷ ያወራችልኝ ጊዜ የፈላው ደሜ እስካሁን አልበረደም።

ስትመለስ አየር ማረፊያ አበባ ይዘው ተቀበሏት። ግሩም የት አለ ብትል ትንሽ ደክሞት ነው አሏት። በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ሳን ሆዜ ቤቷ መጡ፤ ገና በሩን እንደከፈተች ገባት። ጮኸች፣ ደረቷን ደቃች። እንባዋ ጋብ ሲል ግን ስለ ስልኩ ጠየቀች፤ ማን ነበር ሲመልስልኝ የከረመው አለች።

ጋሽ ዘነበ አላፈሩም። ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ቀና ብለው፣ «እኔ ነኝ ልጄ። ላንቺው ብለን ነው፤ ደስ ብሎሽ እንድትመለሺ» አሏት።

«መቅበር ደስ አይልም፣ ጋሼ። ግን የኔ ነበር» አለች።

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ታላቅን እንዲህ አይናገሩም፣ ሐዘን ነው ያናገራት ተባለ። ታላቅነት ይህን ያህል የሚሸፍን ከሆነ እኔ ታናሽ ሆኜ ልሙት። አይናዲስ ግን ከእሳቸው ጋር ጨርሳለች፤ ጥግ ላይ ወደተቀመጠችው ወደ ግሩም ልጅ ወደ ሩቲ ዞራ፣ አባትሽ ከላክሁለት ውስጥ የትኛውን አየ ብላ ጠየቀቻት።

ሩቲ አማርኛው አይቀናትም። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸውና ቀስ ብላ መለሰች።

«ጌቱን... በሩን ብቻ፣ አክስቴ። ሆስፒታል ላለችው ነርስም ሾው አደረጋት። ሌላውን እኛ ነን ላይክ ያደረግነው።»