ኮርኒስ ብሩሹን የሰጠ ሰሞን

ቀለም ቀቢውን ሰፈሩ ሁሉ «ኮርኒስ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ቀና ብሎ ኮርኒስ ሲቀባ ስለኖረ፣ መንገድ ላይም ሰላምታ የሚሰጠው ለሰማይ ነው እያሉ ይስቁበታል።

አንድ እሑድ ሚስቱ ጀርባውን ስታሽለት እጇ ከቀኝ ትከሻው አጥንት ሥር ቆመ።

«ይሄ እብጠት ምንድን ነው?»

«ጡንቻ ነው። የሠራ ሰው ያወጣል።»

አፉ ይህን ይበል እንጂ ሆዱ አላመነም። አጎቱን የወሰደው እብጠት የጎድን አጥንት በልቶ ነበር። በነጋታው ሰው እንዲነካበት የማይወደውን ሰፊ ብሩሹን አንሥቶ ለሚስቱ ወንድም ሰጠው። «እየቀባህ አስታውሰኝ» አለው።

ሐኪም ቤት ሲቲ ስካን ክፍል ሲገባ የሸሚዙን የቀኝ እጅጌ ብቻ አወለቀ። «ግራው ጤነኛ ነው፤ ምን አጥፍቶ በብርድ ይቀጣል?»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «አባባ፣ እስቲ ኮርኒስ እንደሚቀቡ እጅዎን ይዘርጉ።» ሲዘረጋ እብጠቱ እንደ ዓይን አፋር ልጅ ብቅ አለ።

«እኔ የእብጠቱን ጎረቤቶችም እጠይቃለሁ» አለች። «ክፉው አጥር ያፈርሳል፤ አጥንት ይበላል፣ ጡንቻ ውስጥ ይሰርጋል። ጨዋው ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። ጨዋ መስሎ የሚያታልልም ስላለ ግራውንም ልየው።»

«ግራዬማ ሥራ አያውቅም።»

ሚስቱ ከበሩ ሥር «ቀኝህ ሲደክም በምንህ ነው የምትጨርሰው? በጢምህ?» አለችው።

ግራውም አብሮ ምስል ተነሣ። ሐኪሟ ምስሉን አሳየቻቸው። ጎድኖቹ አንድም ሳይሸረፉ ተደርድረዋል። እብጠቱ ከትከሻው አጥንት ሥር ተኝቷል፤ ሥጋና ስብ የተነባበረ ጨርቅ ይመስላል። በግራ በኩልም ታናሽ ወንድሙ ተጋድሟል።

«እጃቸውን ሲዘረጉ በኖሩ ሰዎች ላይ፣ የትከሻ አጥንት ጎድንን ሲፈትግ የሚወጣ ነው። አጥንት ሳይነካ፣ እንዲህ ስብ ጣልቃ እየገባበት፣ በሁለቱም ጎን ሲገኝ አያሰጋንም። ካላስቸገረዎት ቢላዋም አይነካውም።»

ኮርኒስ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ሚስቱ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ «ለእኔ የነፈግኸኝን መንታ ለራስህ ወለድኸው?» አለችው።

ከዚያ በቀጥታ የሚስቱ ወንድም ቤት ሄደ። ሰውየው በዚያ ብሩሽ የግቢውን በር አረንጓዴ እየቀባ ነበር።

«ብሩሼን።»

«የኑዛዜ ዕቃ አይመለስም።»

«ተናዛዡ ቆሞ እየጠየቀህ?»

ሰውየው ብሩሹን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ያዘ። ኮርኒስ ያን ሥራ አያውቅም ያለውን ግራ እጁን ዘርግቶ ቀማው።