ያልታተመው የልጄ ስም

ልጄ ልብሷን በፌስታል ስትከት አገኘኋት። ታላቅ ወንድሟም ያኔ ስሙን ከተለጠፈው የተፈታኞች ወረቀት ላይ ሲያጣ እንዲሁ ልብሱን በፌስታል ከቶ በሱዳን መንገድ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። እሷም ሰበታ ያለው ትምህርት ቤቷ የተፈታኞች ስም ሲለጠፍ ስሟን አጣችው።

«ተይኝ እማ፣ ዕድሌ ነው» አለችኝ።

እጇን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰድኳት። ብዙ ባልማርም ስሟን ለይቼ አውቃለሁ፤ ወረቀቱን በጣቴ እየተከተልኩ ደጋግሜ ፈለግሁት። የለም።

ስም ዝርዝሩን ያተመው መምህር ቢሮ ገባን። «እናቴ፣ ኮምፒውተሩ ያለውን ነው ያተመው» አለኝ።

«ከተጂ ከተማ አብራት ወደዚህ የተዛወረችው ጓደኛዋስ፣ መምህር? እሷም የለችም።»

ኮምፒውተሩ ላይ ስሞቹ የተጻፉበትን ኤክሴል ከፈተ። ከተጂ የመጡት ልጆች ዘግይተው ስለተመዘገቡ ስማቸው ከሁሉም በታች ነበር።

«ለካ የሚታተመውን ቦታ እነሱ ሳይመጡ በፊት ነው የከለልኩት» አለ ግንባሩን እየዳበሰ። «ከዚያ በታች ያለውን ፕሪንተሩ አያወጣውም።»

«ቲቸር፣ እኛማ ያለነው ከመስመር በታች ነዋ» አለች ልጄ። ከጠዋት ጀምሮ ስትቀልድ ያን ጊዜ ገና መስማቴ ነበር።

ክልሉን እስከ ታች አስፍቶ እንደገና አዘዘ። ፕሪንተሩ እያንቋረረ ወረቀቱን ሲስብ፣ በወንድሟም ጊዜ እንዲህ የጎደለ ወረቀት ይሆን እንዴ እያልኩ የሄደውን ልጄን አሰብኩት። ማን ይነግረኛል? ወረቀቱ ሲወጣ ስሟ ከመጨረሻው ስም በላይ ተጽፎ ነበር።

ቤት ገብተን ፌስታሉን ፈታሁና ልብሷን መልሼ ሰቀልኩ። የወንድሟ መስቀያ አሁንም ባዶውን ነው። እሷ ግን የትም አትሄድም። ልጄ ተርፋለች።