የወንድሜ የጁዶ ልብስ

የጁዶ ልብስ ንጣቱን አይቶ የሚገዛ ሰው ተሸውዷል። ወንድሜም ሊሸወድ ምንም አልቀረውም ነበር። ቡሬ ገበያ፣ ሰልባጅ ተራ፣ አንዱን ስስና ነጭ አንሥቶ ደረቱ ላይ ለካና ፈገግ አለ። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ጁዶ ሠርቻለሁ፤ ታላቁም ነኝ፤ ነጠቅሁት።

"ይኼ የካራቴ ነው። አንዴ ሲጎትቱህ እጅጌው እጃቸው ላይ ይቀራል።"

ከክምሩ ሥር ወፍራም፣ ሻካራ፣ ትንሽ የወየበ አገኘሁ። ኮሌታውን በሁለት እጄ ይዤ ጎተትሁት። ብብቱንና ጉልበቱን ገልብጬ ስፌቱን አየሁ፤ ድርብ ነው። እያኮረፈ ገዛው።

ፍኖተ ሰላም ስንመለስ አያያዙን ለእናታችን ነገርኋት። ነጭ ልብስ ባየች ቁጥር በረኪና የምታነሣ ሴት ናትና ፈራሁ። በረኪና ጥጡን ይበላዋል፣ የፈላ ውኃ ያጨማትረዋል፤ ከልምምድ መልስ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ እኔንም አታስነካም።

አንድ ቀን ወንድሜ ልብሱን ገመድ ላይ ትቶ ባሕር ዳር ዘመድ ሊጠይቅ ሄደ። ሲመለስ፣ ዱርቤቴን እንዳለፉ፣ መንገድ ላይ ተኩስ ተነሣ። አብሮት ተሳፍሮ የነበረ ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ ነገረን፦ ሞቷል፤ የዚያው አገር ሰው ቀብሮታል፤ የት እንደቀበሩት ግን ሰውዬው አያውቅም። እናቴ "ተሳስተሃል" አለችውና ምሳ አብልታ ሸኘችው።

በእኛ ዘንድ ሬሳ ከሌለ በልብስ ይለቀሳል። የሟቹ ልብስ አልጋ ላይ ይዘረጋና ሙሾ ይወርድበታል። ጎረቤት ድንኳን ጣለ፣ የንስሐ አባታችንም መጡ።

"በይ ልጄ፣ ልብሱን አውጪልን። ለሱም ፍትሐት ይድረሰው፣ ላንቺም ይውጣልሽ።"

"ሱሪውንም ጃኬቱንም ውሰዱት፣ አባ። የጁዶውን ግን አትንኩብኝ። ሲመጣ ምን ሊለብስ ነው?"

ተናደድሁ። እሷ እየጠበቀችው እኔ እንዴት ላልቅስ?

"እማ፣ ሞቷል እኮ!" ብዬ ጮኽሁባት።

እናቴ ተነሥታ ጓዳ ገባችና በሩን ዘጋች።

ስትወጣ የጁዶውን ልብስ በቀሚሷ ላይ ደርባዋለች። እጅጌው ጣቶቿን ውጦታል፤ ቀበቶውን እንደ መቀነት ጠምጥማዋለች። አብረውት ይለማመዱ የነበሩት ልጆች በር ላይ ቆመው ነበር። ልብሱን ሲያዩ፣ ግጥሚያ ሲጀምሩ እንደሚያደርጉት፣ ሁሉም ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። እናቴ ተንገዳገደች። አንዱ ሮጦ ሲደግፋት እጆቹ በልማድ ሄዱ፦ አንዱ ኮሌታዋን፣ ሌላው እጅጌዋን ያዘ።

እናቴ የልጁን እጅ አየች።

"ልጄንም እንዲህ ነበር የምትይዙት?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ታዲያ ለምን ለቀቃችሁት?" አለችና አለቀሰች።