ከደጃችን የተቆፈረው ቦይ

አዲስ የተቆፈረ መሬት ዝናብ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለ። ሰው ለቤት መሠረት ወይም ለውሃ ቧንቧ አፈር ካወጣበት ቦታ ሳልፍ፣ ያ እርጥብና ቀዝቃዛ የቀይ አፈር ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ያስቆመኛል። አብሮኝ የሚሄድ ሰው ካለ «ምን ሆንሽ?» ይለኛል፤ እኔም «ምንም» ብዬ እቀጥላለሁ። ሽታው ግን ቶሎ አይለቀኝም፤ እንጅባራ ውስጥ ወዳደግሁበት ሰፈር፣ ከደጃችን ወደተቆፈረው ቦይና ወደ እናቴ ይመልሰኛል።

እናቴ ማንጠግቦሽ ልጅ ሳለች ፖሊዮ ይዟት ቀኝ እግሯ የሰለለ ሴት ነበረች። ከእንጨት የተሠራ ክራንች በብብቷ ይዛ ትሄድ ነበር። ሥራዋ ልብስ ስፌት ስለነበር መኪናዋን ገበያው አጠገብ ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ አስቀምጣ፣ ፔዳሉን በደህናው እግሯ እየረገጠች ቀኑን ሙሉ ትሰፋ ነበር። አባቴ ይስማው ደግሞ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ወንበር፣ አልጋና ቅርጫት ይሠራና ከአስፋልቱ ዳር ደርድሮ ለመንገደኛ ይሸጥ ነበር። እኔና ታላቅ እህቴ የኔነሽ ጠዋት ከእናታችን ጋር እንወጣ ነበር፤ እኛ ወደ ትምህርት ቤት፣ እሷ ወደ በረንዳዋ።

መንገዱ ሩቅ አልነበረም፤ ከእሷ ጋር ግን አያልቅም ነበር። ከዘንገና በኩል ድንች ተሸክመው ለገበያ ከሚመጡት ሴቶች ጋር በአዊኛ፣ ከሰፈሩ ሰው ጋር በአማርኛ እየተሳሳቀች፣ የአንዷን እናት ጤና፣ የሌላዋን ላም መውለድ እየጠየቀች፣ በመካከሉም አንዷን ከላይ እስከ ታች አይታ «ቀሚስሽ እኮ ጠቦሻል፣ ነገ አምጪውና ላስፋልሽ» እያለች ነበር የምትሄደው። የኔነሽ ደወል እንዳያመልጠን ስትነጫነጭ፣ እናቴ «እናንተ ቅደሙ፣ እኔን መንገዱ ያውቀኛል» ትላት ነበር።

ክረምት ሲገባ ይህ ሁሉ ይከብድ ነበር። የእኛ አገር ዝናብ ጠዋት ጀምሮ ከሰዓት የሚያባራ አይደለም፤ ጉሙ ጣሪያችን ላይ ተኝቶ ይሰነብታል፣ መንገዱም ቦክቶ እንደ ሊጥ ይሆናል። ጎረቤቱ በየአጥሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድሮ በዚያ ላይ እየዘለለ ይሄድ ነበር። አባቴ እናቴን እንዳያንሸራትታት ከመኪና ጎማ ቆርጦ ክራንቹ ጫፍ ላይ ቸንክሮላት ነበር። ጋሪም ባጃጅም ወደ ውስጥ አይገባም፤ ምጥ የያዛት ሴት በአልጋ ተሸክመዋት ነበር አስፋልት የምትደርሰው። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ መንገድ ይመኝ ነበር። ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ የነበራቸው ጋሽ ኑሩ የመንገድ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆነው ማዘጋጃ ቤት ሲመላለሱ፣ እናቴም የኮሚቴው አባል ስለነበረች በክራንቿ አብራቸው ትመላለስ ነበር።

አንድ ዓመት፣ መስቀል አልፎ መሬቱ ደረቅ ሲል፣ መንገዱ ተፈቀደ ተብሎ ለስብሰባ ተጠራን። እናቴ እኔንም ይዛኝ ሄደች። አንድ ወጣት መሐንዲስ ትልቅ ንድፍ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ የማን አጥር ምን ያህል እንደሚገፋ በእንጨት እያመለከተ ያስረዳ ነበር። ሰው ሁሉ አጥሩን እያየ ሲነጋገር እናቴ ተነሣች።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ እኔ በዚህ ሥዕል ላይ በየት በኩል ነው የምሄደው?»

መሐንዲሱ አልገባውም። «መኪናው በመካከል ያልፋል፣ ውሃው በግራና በቀኝ በቦይ ይወርዳል» አላት።

«እሱስ ገባኝ። በእግሩ የሚሄደውስ ሰው? ቦዩንስ በምን ተሻግሬ ነው ከቤቴ የምወጣ?»

«የእግረኛው በሁለተኛው ዙር ነው፣ እትዬ። አሁን ዋናው መንገድ ይውጣ።»

እሷ ግን አልተቀመጠችም፤ ሁለተኛው ዙር መቼ እንደሆነ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ። ጋሽ ኑሩ ከፊት ወንበር ዞር ብለው፣ በቁጣ ሳይሆን በልመና ድምፅ፣ «ማንጠግቦሽ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ስንት ዓመት የለመንነውን መንገድ እንዳታስቀሪብን። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል» አሏት። ሰዉም «እውነት ነው!» አለ። እናቴ ክራንቿን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀመጠች።

በበጋው ሁሉም አጥሩን አፈረሰ። አባቴ የቀርከሃ አጥራችንን ነቅሎ ወደ ውስጥ ሲተክል፣ ከጓሯችን አንዱ የኮክ ዛፍ መንገዱ ውስጥ ስለወደቀ ቆረጠው፤ እኔና የኔነሽ አለቀስን፣ እናቴ ግን «መንገድ ይበልጣል» አለችን። ሚያዝያ ላይ ዶዘሩ ሲመጣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ልጆች ከኋላው ስንሮጥ ዋልን። በግራና በቀኝ የተቆፈረው ቦይ የአባቴ ደረት ድረስ ይመጣ ነበር። በየደጁ ቆመን ያንን ጥልቀት እያየን፣ ነገ ዛሬ ግንቡና ክዳኑ ይሠራል ብለን ስንጠብቅ፣ ግንቦት ሲጋመስ ማሽኖቹ ተጭነው ሄዱ። የቀረው ከክረምት በኋላ ነው ተባለ።

ክረምቱ ግን መጣ። ከላይ ሰፈር የሚወርደው ውሃ በሙሉ በደጃችን ማለፍ ጀመረ፤ አስተኝቶን የሚያነቃን የውሃው ድምፅ ሆነ። ጎረቤቱ የባሕር ዛፍ ግንድ አጋድሞ ሲሻገር፣ አባቴ ለእናቴ ብሎ ከወፋፍራም ቀርከሃ ድልድይ ሠራ፣ በአንድ በኩልም መደገፊያ አበጀለት። ጠዋት እሱ ያሻግራታል፤ ማታ ወይ የኔነሽ ወይ ጋሽ ኑሩ ከሱቃቸው ወጥተው እጇን ይዘው ይመልሷት ነበር። ሰው ሳትጠራ ከቤቷ መውጣት የማትችል ሆነች። አንድ ቀን ምሳ ሳንበላ «እኔ እኮ ቤቴ ውስጥ ታሰርኩ» ስትል ሰማኋት፤ አባቴ ሲያያት ግን ፈገግ አለች።

ማዘጋጃ ቤት ሄዳ መሐንዲሱን «በመኪና ሳይሆን በእግርዎ ከቤቴ እስከ ገበያ ከእኔ ጋር ይሂዱ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም» አለችው። መጣም። ዝናቡ እየመታው፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ቦታ ቦታ ላይ ክንዷን እየደገፈ ከእሷ እኩል ሄደ። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ግንዱ ላይ ስትሻገር ቆሞ ጠበቃት። ገበያው ጋ ሲደርሱ ፊቱ ተለውጦ ነበር። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ክዳኑ ከክረምት በፊት መሠራት ነበረበት። ቢያንስ የየደጁን መሻገሪያ በዚህ ወር አሠራለሁ» አላት። እናቴ አመነችው፤ እኔም እስከ ዛሬ የዋሸ አይመስለኝም። ሐምሌ ሳያልቅ ግን ወደ ጫግኒ ተዛወረ፤ በምትኩ የመጣው ሰው ስለ መሻገሪያ የነገረው እንደሌለ ለጋሽ ኑሩ ነገራቸው።

ነሐሴ የእናቴ የሥራ ወቅት ነበር፤ ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ የተማሪ ዩኒፎርም ከየቤቱ ይመጣላት ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አባቴ ቀርከሃ ሊያመጣ ወደ ገጠር ሄዶ፣ የኔነሽ እህል ልታስፈጭ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዛ ሳለ፣ እናቴ የሚጠብቋት እናቶች አሉ ብላ ተነሣች። «ጋሽ ኑሩን ልጥራልሽ?» አልኳት። «ሱቃቸው ሰው ሞልቷል፣ አታስቸግሪያቸው» አለችኝ። ደጅ ቆሜ አየኋት። ድልድዩ ክረምቱን ሁሉ ውሃ ሲጠጣ ከርሞ ይብለጨለጭ ነበር። ከመካከሉ ስትደርስ የክራንቿ ጫፍ በሁለት ቀርከሃ መካከል ገባ፤ ልትነቅለው ስትታገል በጎኗ ቦዩ ውስጥ ወደቀች። አልጮኸችም። የጮኽኩት እኔ ነኝ።

ጋሽ ኑሩ ከነጫማቸው ዘለው ገቡ፤ ወጣቶችም ተከትለው ገብተው አወጧት። ዶዘሩ የጠረገው መንገድ ጠጠር ሳይለብስ ጭቃ ስለሆነ ባጃጅ ቢጠራም ደጃችን አይደርስም፤ አባቴ በሠራው የቀርከሃ አልጋ ላይ አድርገው እስከ አስፋልት ተሸከሟት። የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ነበር። ባሕር ዳር ድረስ ተልካ፣ ወራት ተኝታ ተመለሰች፤ አጥንቱ ግን እንደ ቀድሞው አልገጠመም። ከዚያ በኋላ እናቴ ቆማ አልሄደችም።

አባቴ ድልድዩን አፍርሶ፣ ቀርከሃውን አንድ በአንድ ሰነጣጥቆ ከጓሮ ጣለው፤ ማገዶ ያጣንበት ጊዜ ቢሆንም ማንም ከዚያ ወስዶ እንዲያነድ አልፈቀደም። እናቴ ሆን ብላ እየሰማ «የገባው ክራንቹ ነው እንጂ ድልድዩስ አልተሰበረም» ትል ነበር። የኔነሽ ደግሞ ያን መስከረም ትምህርት ቤት አልተመለሰችም፤ በእናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያልተጠናቀቁትን ዩኒፎርሞች ሰፋች። የክፍሏ ልጆች እየመጡ ከእጇ ይቀበሏት ነበር።

ኅዳር ላይ ጋሽ ኑሩ ሊጠይቋት መጡ። ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው «ያን ቀን በስብሰባው ዝም ያሰኘሁሽ እኔ ነኝ» አሉ። እናቴ «ሰፈሩ መንገድ ፈልጎ ነው። እኔም ፈልጌ ነበር» አለቻቸው። ቀጥላም «አሁን እኔን አትጠይቁኝ፣ ክዳኑን ጠይቁልኝ። ይቺ ልጅም በዚያው ነው የምትሻገር» ብላ ወደ እኔ አመለከተች።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ኑሩ የሰፈሩን ሴቶች አስከትለው በየገበያው ቀን ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ይቆሙ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ያናግሯቸዋል፣ አንዳንድ ጊዜ ዘበኛው ይመልሳቸዋል። ሌላ ክረምት አለፈ። ክዳኑ የመጣው በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ ነው። ቦዩ በሲሚንቶ ተገንብቶ፣ ላዩ በሰፋፊ ክዳን ተሸፍኖ የእግረኛ መሄጃ ሆነ። አባቴ እናቴን በወንበር ተሸክሞ ደጃፉ ላይ አስቀመጣት። ሴቶቹ ሲያልፉ እየሳሟት፣ ልጆቹ ሲሯሯጡ እያየች ቆየች። «ጥሩ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስኬዳል» አለች። ጥቂት ቆይታ «በቃኝ፣ አስገቡኝ» አለች። ሌላ ጊዜ እንድታይ ብንጠይቃት እሺ አላለችንም።

በተከታዩ ክረምት ሳንባዋን ታማ፣ ሐምሌ ውስጥ አረፈች። የቀብሯ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ይዘንብ ነበር። ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች በዚያ በክዳኑ ላይ ሄዱ፤ አንዳቸውም አልተንሸራተቱም፣ ጫማቸውም አልጨቀየም።

አሁን በዚያው ቤት እኔና ልጄ ከአባቴ ጋር እንኖራለን። የኔነሽ ዛሬም በረንዳው ላይ ትሰፋለች። ባጃጅ ደጃችን ድረስ ይመጣል፣ ምጥ የያዛትን ሴት በአልጋ የሚሸከም የለም፣ ልጄም በክረምት እንኳ ጫማዋ ሳይቆሽሽ ትምህርት ቤት ትደርሳለች። ይህን ሁሉ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ውሸት አይደለም። ከቤታችን እስከ ገበያ ለመድረስ ያን ጊዜ ጠዋቱን እንጨርስ ነበር፤ አሁን ማንንም ሳላናግር ፈጥኜ እደርሳለሁ። ያኔ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ እናቴ ግን በየጠዋቱ ትወጣ ነበር። ዛሬ መንገዱ ደህና ነው።