የሹፌሩ አንገት

ሆስፒታሉ ውስጥ የሚያውቋት ሁሉ «በረኪና» ይሏታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምድር ቤቱ ውስጥ አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ኖራ፣ ጠረኑ ከቆዳዋ ጋር ተዋህዷል። ኮሪደር ላይ ገና ሳትታይ ትሸታለች። እሷም አትቀየምም፤ «ከሽቶ ይሻላል፣ ቢያንስ ተባይ ይገድላል» ትላለች። ጫማ ሰፊው ባሏ ደግሞ ድስት ሲያርርባት ከእሷ ቀድሞ ከበር ጀምሮ እየጮኸ ይገባል። «ያንቺ አፍንጫኮ ጡረታ ከወጣ ቆየ» ይላታል።

ፈሪ ሴት ናት፤ ራሷም አትደብቀውም። ደም የነካውን አንሶላ ታጥባለች እንጂ ደሙ የፈሰሰበትን ሰው ማየት አይሆንላትም። ንጹሕ አንሶላ ይዛ ድንገተኛ ክፍል ስትገባ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነው። ጆሮ ግን አይከደንም። አንድ ቀን ዘመዶቹ ከተጋጨ መኪና ጎትተው፣ በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡት ሰው ነበር። ሲስተሯ፣ የክፍሉ ዋና ነርስ፣ በቁጣ ስትንጨረጨር ሰማች።

«አንገቱን ማን ነካው? እሳት ካልተነሣ በቀር የተጋጨ ሰው ከተቀመጠበት አይነቀልም! ማን ጎትቱት አላችሁ?»

ያ ሰው ዳግመኛ አልቆመም። አልጋው ላይ ሽንቱን መቆጣጠር ስላልቻለ አንሶላው በየቀኑ ወደ ምድር ቤት ይወርድ ነበር። ሁለት ወር አጠበችለት። ፊቱን ግን አንድም ቀን አላየችም።

እንግዲህ አደጋው በደረሰ ዕለት ጠዋት ዝናብ ያካፋል። እሷ ወደ ሥራ እየሄደች ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጣለች። ሹፌሩ ገና ሃያ አምስት የሚሆነው ቀጭን ልጅ ነው። መስቀለኛው መንገድ ላይ ሲደርሱ ጠርሙስ የጫነ የጭነት መኪና ከጎን መጣ። ፍሬኑ እርጥቡ አስፋልት ላይ ሲያፏጭ ሰማች። ከዚያ የምታስታውሰው መስታወት እንደ ጨው ጭኗ ላይ መበተኑን፣ ደረቷ ከፊቷ ካለው ወንበር ጋር መላተሙን ነው።

ወዲያው ጩኸቱ ቀለጠ። ተሳፋሪው እየተጋፋ በተንሸራታቹ በር ወረደ። እሷም አንድ እግሯን አውጥታ ነበር።

«እትዬ... እግሬ አለ?»

ዘወር አለች። መሪው የሹፌሩ ደረት ላይ ተጣብቋል፤ በሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሰውነቱን ቀርቅሮታል። ጭንቅላቱ እንደ ተኛ ሕፃን ወደ ጎን ያዘነብላል። ተመልሳ ከኋላው ተንበረከከችና ጭንቅላቱን በሁለት መዳፏ ያዘችው።

«አለ፣ ልጄ። እግርህ አለ» አለች። እግሩን ግን አላየችውም።

«አንቀጠቀጥሽኝኮ።»

«እኔ ነኝ የምንቀጠቀጠው። አንተ ብቻ እንዳትዞር። ዓይንህን እንጂ አንገትህን አታዙር።»

ክንዷን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር አጣብቃ መንቀጥቀጡን ለማስቆም ሞከረች። አልቆመም። «በገዛ እጄ ባጠፋውስ?» የሚል ሐሳብ እንደ መርፌ ወጋት።

ውጭ ሰው ተሰብስቧል። «ነዳጅ እየፈሰሰ ነው! ሊፈነዳ ነው፣ አውጡት!» አለ አንዱ። አንድ ግዙፍ ሰው፣ እዚያው አጠገብ ካለው መጋዘን የወጣ ተሸካሚ፣ በተሰበረው መስኮት እጁን አስገብቶ የልጁን ብብት ያዘ።

«እንዳትነካው!»

ድምፁ ከእሷ መውጣቱን ራሷም አላመነችም።

«ሴትዮ አብደሻል? አብራችሁ ልትቃጠሉ ነው! አታዪም ከሥሩ የሚፈሰውን?»

ይፈስ ነበር። ነዳጅ ከሆነ ዘሎ መውጣት ነው፣ ልጁንም መጎተት ነው። ካልሆነ ደግሞ መጎተቱ ነው የሚገድለው። አየር ሳበች፤ የሸተታት የገዛ እጇ በረኪና ብቻ ነው። የባሏ ቀልድ ትዝ አላትና ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«አፍንጫዬ አይሠራም» አለችው። «በእናትህ፣ ጣትህን ንከርና አሽትልኝ። ነዳጅ ከሆነ እኔም እረዳሃለሁ፣ እናወጣዋለን።»

ተሸካሚው ተገትሮ አያት። ጎንበስ አለ። እሱ ጎንበስ ብሎ እስኪነሣ ያለፈችው ደቂቃ ከአሥራ ዘጠኙ ዓመት ረዘመችባት።

«ውሃ ነው» አለ ቀና ብሎ። «የራዲያተር፣ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ። እንደ ከረሜላ ይሸታል።»

«እንግዲያው ቁልፉን አዙረህ ሞተሩን አጥፋልኝ። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ አባርልኝ። ደግሞ ከኋላ የሚመጣው መኪና እንዳይገጨን፣ አንድ ሰው መንገዱ ላይ አቁምልኝ። አምቡላንስ የደወለ አለ?»

ያ ሁሉ ሰው የተቃጠለ ያህል ሲጮህ ማንም አልደወለም ነበር። ተሸካሚው ስልኩን አወጣ።

ሠላሳ አምስት ደቂቃ ያዘችው። ልጁ አንዴ እናቱን ይጠራል፣ አንዴ ብርድ ብርድ አለኝ ይላል። ዝም ሲል ደግሞ የባሰ ትፈራለች። «አውራኝ፣ የምትሠራበትን መሥመር ፌርማታ በሙሉ ቁጠርልኝ» አለችው። ቆጠረ። ስምንተኛው ላይ ተሳሳተና ተደናገጠ፤ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረችው።

የአምቡላንስ ሠራተኞች ደርሰው የአንገት መደገፊያ ካሰሩለት በኋላ «አሁን ልቀቂ» አሏት። ጣቶቿ አልታዘዙም። አንድ በአንድ ፈልቅቀው አላቀቋት።

«አንቺስ? ተጎድተሻል?»

«ደህና ነኝ፤ ሥራ ረፍዶብኛል» ብላ በእግሯ መንገድ ጀመረች።

ምድር ቤት ወርዳ እርጥብ አንሶላ ከማሽኑ ስታነሣ ዓይኗ ጨለመ። ስትነቃ ድንገተኛ ክፍል ተኝታለች፣ ሲስተሯ ከራሷ በላይ ቆማለች።

«ሁለት የጎድን አጥንትሽ ተሰብሯል። ‹ደህና ነኝ› ማለት ምርመራ ነው እንዴ? እዚህ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምን ስታጥቢ ነበር?»

በረኪና ልትስቅ ስትል አጥንቷ ወጋትና አለቀሰች።

ልጁ የተኛው እዚያው ሆስፒታል፣ ከእሷ ሦስት ፎቅ በላይ ነው። ግን አልጠየቀችም። የያዙት እጆቿ ይንቀጠቀጡ እንደነበር ከእሷና ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ለመጠየቅ የመጣ ሁሉ «ጀግና» ሲላት «ቆይ፣ እግሩ አልላወስ ብሎ ቢሆንስ?» ትላለች በልቧ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያ ግዙፍ ተሸካሚ አጠያይቆ ሊጠይቃት መጣና ነገሩን ከፊቷ አነበበው።

«ሳታይው ነው እዚህ የተኛሽው? ተነሺ! አለዚያ እንደ ጆንያ ተሸክሜሽ እወጣለሁ፤ ሥራዬ ነው።»

ክንዱን ተደግፋ ወጣች። በሩ ላይ ዓይኗ እንደ ልማዷ መሬት ላይ ወደቀ። እንደምንም ቀና አደረገችው። ልጁ አንገቱ በመደገፊያ እንደታሰረ፣ አንድ እግሩ በጀሶ ተሰቅሎ ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

«ማነው?»

«በረኪና ናት፣ አንገትህን የያዘችው» አለ ተሸካሚው።

«ያቺ የምትንቀጠቀጠው?» ልጁ ሳቀ። «እትዬ፣ የአንገትህ አጥንት ተሰንጥቋል አሉኝ። ዞሮ ቢሆን ኖሮ... ሐኪሙ አልጨረሰልኝም። አንቺም አትጨርሺው።»

ያልታሰረውን እግሩን ጣቶች ከብርድ ልብሱ ሥር እያወዛወዘ አሳያት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ጣቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

ፍርሃቱ ግን በዚያ አላበቃም። ከዳነች በኋላ አራት ወር መኪና አልተሳፈረችም። ጎማ ሲጢጥ ባለ ቁጥር መሐል መንገድ ላይ ትደርቃለች። አንድ ሰዓት ከሩብ የሚወስደውን መንገድ በየጠዋቱ ባሏ አብሯት ይራመዳል፣ ሱቁን አርፍዶ ይከፍታል። አንድ እሑድ ግን ክንዷን ይዞ «አንድ ፌርማታ ብቻ» አላት። ዓይኗን ጨፍና፣ እጁን አጥብቃ ተሳፈረች። አንዱ ፌርማታ ላይ ወረዱና ጥግ ይዘው ቆሙ፤ ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል። በሳምንቱ ሁለት ፌርማታ ሄዱ።