ያልተተኮሰ ሱሪ

የጠመንጃ ያዥ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ ሸዋንግዛው ሰው ይንቃል። ያውም ሙያዬ ብሎ! ሱቁ በር ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ ከአንገት በታች ያይና «ይሄ ደግሞ ሱሪ ተብሎ ነው?» ይላል። ጎረቤቱን ጎሚስታውን ሳኒንማ ዓይንህን ላፈር ብሎታል። ሳኒ ሥራም ይዋል ለቅሶም ይድረስ፣ ያው ግሪስ የጠጣ ቱታው ነው። ሸዋንግዛው ግን ዳቦ ሊገዛ እንኳ ያልተተኮሰ ሱሪ ለብሶ ወጥቶ አያውቅም።

ይሄ ኩሩ ሰውዬ በ1997 ዓ.ም. ልቡ ከዳው። እየሰፋ ሳለ በድንገት ደረቱ ውስጥ ይንደፋደፍበታል፤ ምቱ ይፈጥናል፣ ይዘላል፣ ይምታታል። ትንፋሽ ያጥረዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ጸጥ ይላል።

ሚስቱ ጽገሬዳ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ዶክተር ደላዊት ኢሲጂ በሚሉት የልብ መመርመሪያ ማሽን አየችው። ወረቀቱ ላይ ምንም የለም።

«ጋሼ፣ የጠረጠርኩት ከሆነ ደም እያረጋ ወደ ጭንቅላት ይሄዳል፤ ግማሽ አካልዎን ሽባ ሊያደርግ ይችላል» አለችው። «መድኃኒቱ ደም የሚያቀጥን ስለሆነ ደግሞ በግምት አልሰጥዎትም። ሲነሳብዎት ያኔውኑ፣ እየተምታታ ሳለ ማሽኑ እንዲያየው ይምጡ።»

ከዚህ የቀለለ ምን አለ? ለሌላው ሰው ማለቴ ነው። ሸዋንግዛው ግን ልቡ ሲነሳበት የሚሮጠው ወደ ካውያው ነው! ላብ እያጠመቀው ሱፍ ሱሪውን በእርጥብ ጨርቅ ይተኩሳል። ከዚያ ክራቫት፤ ከዚያ ጫማ መወልወል። ጽገሬዳ «ኧረ እንሂድ በማርያም!» ብትል፣ «ዶክተር ፊት እንደ ሳኒ ልቅረብ እንዴ?» ነው መልሱ። ሐኪም ቤት ሲደርስ የልቡም ምት እንደ ሱሪው ተስተካክሏል። ወረቀቱ ንጹሕ!

ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በሁለተኛው ጊዜ ቀኝ እጁ ደንዝዞ ካውያው አመለጠው፤ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰለት። ደላዊት ይህን ስትሰማ ተቆጣች። «ማስጠንቀቂያ ነው እኮ! ሙሽራ ነዎት ወይ?» አለችው። እሱም ፈርቷል። ቢፈራም አመሉ የት ይሄዳል።

በጥቅምት አንድ ማለዳ ከአልጋው ሳይወርድ ልቡ ተነሳበት። እየተንገዳገደ ሄዶ ካውያውን ሰካ። መብራት ጠፍቷል።

«እስኪመጣ ትንሽ እንጠብቅ» አለ፣ ምንም ሳያፍር።

«አስከሬንህን ልተኩስልህ ነው እንግዲህ!» ብላ ጮኸችና ጽገሬዳ ወደ ሳኒ ሮጠች።

ሳኒ ገብቶ ሰውዬውን ጉልበቱ በተቦተረፈ፣ መቀመጫው በሳሳ የመኝታ ሱሪው እንዳለ ጀርባው ላይ አዘለና ሰፈሩን አቋርጦ ላዳ ታክሲ ውስጥ ከተተው። ሸዋንግዛው ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ነበር። ከልቡ ይልቅ ያስጨነቀው የሰዉ ዓይን ነው።

ማሽኑ ላይ መስመሩ ሥርዓት አጥቶ ሲዘባርቅ ደላዊት እልል ልትል ምንም አልቀራት። «ያዝነው!» አለች። ቀኑን ሙሉ አስተኝተው ተከታተሉት፤ መድኃኒቱም ተጀመረለት።

ወደ ማታ ሲወጣ ሳኒ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እየጠበቀው ነው። ሱቁን ሳይከፍት ዋለ ማለት ነው።

«ሰዉ ምን አለ?» አለው ሸዋንግዛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስለ ምን ጋሼ?»

«ስለ ሱሪው ነዋ!»

ሳኒ ግራ ገብቶት አየው። «የቱ ሱሪ?»

ሸዋንግዛው ሁለት ጊዜ ሊሞትለት የነበረውን ነገር፣ ጀርባው ላይ ያዘለው ሰው እንኳ አላየለትም። ቀና ሲል ሳኒ በጠዋቱ ጥድፊያ ቱታውን ገልብጦ እንደለበሰ፣ ስፌቱ ሁሉ ወደ ውጭ እንደሆነ አየ። «ይሄ ደግሞ…» ሊል አፉን ከፈተ፤ ስለ ልብሱ ግን አንድ ቃል አልወጣውም።